ከዚያው ባሕር

«እናንተ ባለሱቆች ውሸት አታጡም» አሉኝ ጎጎ ኖምሳ፣ ባዶ ጄሪካን እያስያዙኝ። «ከሌላ ባሕር ከቀዳሽው ቀምሼ አውቀዋለሁ።»

ጎጎ እዚህ አያት ማለት ነው። አይቮሪ ፓርክ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ሱቅ ያደረግነው ጋራዥ የእሳቸው ነው፤ እኔም የምተኛው እዚያው፣ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ነው። የሱቁ ባለቤት ደሳለኝ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ከሆሳዕና ያስመጣኝም እሱ ነው። የወጣሁ ሌሊት እናቴ በር ላይ ቆማ «ስትደርሺ ደውዪ» አለችኝ፤ እሺ አልኩ። ማንም አላለቀሰም። ከሞያሌ ወዲህ ስንት አገር አለፍሽ ብትሉኝ የማስታውሰው የጭነት መኪናውን ሸራ ሽታ ብቻ ነው። አሁን ከሽቦ ጀርባ ቆሜ ዳቦና ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ደንበኞቹ እኛን ሐበሻ ባለሱቆች ሁላችንንም «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉን፣ ስሜን የሚጠይቅ የለም።

ታኅሣሥ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው አውቶቡስ ተከራይቶ በደርባን በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። ሲመለስ ውሃውን በጄሪካን ይዞ ይመጣል፤ ይታጠቡበታል፣ ደጃፍ ላይ ይረጩታል። እዚህ ያሉት የአዲስ አበባ ኦርቶዶክሶች ከጠበል በምን ይለያል ይላሉ። እኛ ጴንጤዎቹ ጥንቆላ ነው እንላለን፤ ጄሪካኑን ግን እንሸጥላቸዋለን። ዘንድሮ ጎጎ ጉልበታቸው አብጦ መሄድ አቃታቸው። ውሃውን ካላገኙ ጋራዡን ለሌላ ነጋዴ እንደሚሰጡ ለደሳለኝ ቁርጡን ነገሩት። ደሳለኝም ሂጂ አለኝ።

ጎጎ የሚፈልጉት የተወለዱበትን መንደር ውሃ ነው። ድሮ እዚያ የነበሩት ዓሣ አጥማጆች ብቻ ናቸው። ከዚያ ነጮች መጥተው ሆቴል ሠሩ፣ የእረፍት ቤት ሠሩ፣ ባለአገሩን ከኮረብታው ጀርባ አስቀመጡት። እናታቸው የሆቴሉን አንሶላ ያጥቡ ነበር። ጥቁር ሰው አሸዋውን የሚረግጠው የነጭ ልጅ ታቅፎ ከሆነ ብቻ ነበር። ስለዚህ እናታቸው ውሃውን ሳይነጋ ተደብቀው ይቀዱ ነበር። ጎጎ ባሕር ይሰረቃል ወይ ብለው ሳቁ። እኔን አላሳቀኝም። ሐዋሳ ከመዘምራን ጋር ሄደን ሪዞርቱ ሐይቁን አጥሮት፣ በጀርባ ዙሩ ተብለን ነበር።

አውቶቡሱ ሕዝብ የሚዋኝበት ዳርቻ አወረደን። እኔ ብቻዬን በታክሲ ወደ ጎጎ መንደር ሄድኩ። መንደሩ አሁን ታጥሮ በር አለው። ዘበኛው ራሱ ከማላዊ የመጣ ሰው ነው፤ ወረቀት አሳዪኝ አለኝ። ለባሕር ደግሞ ምን ወረቀት ያስፈልጋል አልኩት።

«ባሕሩ የሁሉም ነው፤ መንገዱ ግን የባለቤቶቹ ነው።»

«ታዲያ በየት በኩል ልውረድ?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

ኋላ አዘነልኝ መሰለኝ፣ በድንጋዮቹ በኩል የሚያስወርደውን አሳየኝ። እሱ ወርዶ እንደማያውቅም ነገረኝ።

ነጫጭ ቤቶች፣ ነጫጭ ጃንጥላዎች። ዓሣውን በኮምጣጤ ነው የሚበሉት፣ ሚጥሚጣ የሚባል ነገር የለም። ሙቀቱ እርጥብ ሆኖ ልብስ ላይ ይጣበቃል፤ እንደኛ አገር ማታ የሚያበርድ ንፋስ የለውም። ውሃው መጣ፣ ሄደ። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ለእናቴ ደወልኩ።

«ባሕሩ እንዴት ነው?»

«ትልቅ ነው» አልኳት። ጄሪካኑን ሞላሁ።

ስንመለስ ጎጎ ክሊኒክ ስለነበሩ ውሃውን ሱቅ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ስነሳ ጄሪካኑ ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ደሳለኝ ቦይ ውስጥ ደፍቶታል። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ በኢየሱስ ስም ጥንቆላ ከእንጀራዬ ጋር አያድርም አለ። ጎጎንስ ምን ልበላቸው አልኩት። ከመደርደሪያው አንድ እሽግ ጨው አውርዶ ሰጠኝ።

«ከቧንቧ ቅጂና ይሄን ጨምሪበት። አሮጊት ምን ታውቃለች?»

«ይቀምሱታል።»

«እንግዲያው በደንብ ጨምሪበት።»

ጨውን መደርደሪያው ላይ መለስኩ። ልብሴን በፌስታል ከትቼ ጄሪካኑን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ጎጎ ከክሊኒክ ተመልሰው፣ በረንዳቸው ላይ እግራቸውን ሣጥን ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል።

«አመጣሽው?»

«ደሳለኝ ደፋው። ተመልሼ ልሄድ ነው።»

ጄሪካኑን አዩ፣ ፌስታሉን አዩ።

«ከዚያው» አሉኝ።

መንገዱ ዳር ቆሜ አንድ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ፤ ታውን ወደሚሉት መሀል ከተማ የሚሄደው ታክሲ የሚቆመው እንደዚያ ሲያደርጉለት ነው። ቆመልኝ። ጄሪካኑን ታቅፌ ገባሁ።