ሞተሩን ያጠመቅንበት ሳምንት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ በእህቴ ሠርግ ሰሞን ነው። ትዝ ሲለኝ ዛሬም ብቻዬን አፍራለሁ።

ጎንደር ውስጥ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ሰይድ ይባላል፤ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ነጭ መኪናው ጠዋት በአንድ ቁልፍ ስትነሳ በሰማሁ ቁጥር ቅናት ያቃጥለኝ ነበር። እህቴን የሚሸኛት የሰይድ መኪና ነው ሲሉኝማ አላስቻለኝም። አዘዞ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓመት ቆማ ዶሮ የፈለፈለችባትን አሮጌ መኪና ገዛሁ። ጋራዥ ባትሪና እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ቀየሩላትና ተነሳች።

ሰይድ ዞር ዞር ብሎ አያትና «ሸጋ ማኪና ናት» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እናቴ አልወደደችውም። «እግዜር ይጠብቃት ሳይል ያደነቀ ዓይን አያሳርፍም» አለች። እኔ ደግሞ ቀናብኝ ብዬ ደስ አለኝ። ፈራሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ ላይ አንድ ጣሳ ጠበል አፈስበት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ያቆራርጥ ጀመር። የሰይድ ዓይን ነው አልን። ጠበሉን ሁለት ጣሳ አደረግነው፤ ባሰባት።

የሠርጉ ዕለት ጭራሽ አልነሳ አለች። ሙሽሮቹ ወጥተው ቆመዋል፣ ጠዳ ላይ ድግሱ ይጠብቃል፣ እኔ ቁልፍ እያዞርኩ አልቦኛል። ሰይድ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ወደ አዲ አርቃይ ጨርቅ ሲያመላልስ ከመኪና ጋር ብዙ የታገለ ሰው ነው። ካንዴላዎቹ የተተከሉበትን ጉድጓድ በስልኩ መብራት አየና ቀና አለ።

«ምነው፣ እዚህ ውሃ ማን አፈሰሰ?»

እኔ ወደ መሪው አቀረቀርሁ። እናቴ ግን «ጠበል ነው ልጄ፤ ከዓይን እንዲጠብቃት» አለችው።

«ከማን ዓይን፣ እማማ?»

ሰይድ ወደ እኔ ዞረና አየኝ። ገብቶታል።

ከራሱ መኪና ቁራጭ ጨርቅ አመጣ፤ በእንጨት ጫፍ ጠምጥሞ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ አደረቃቸው። «በል ሞክራት» አለኝ። ተነሳች።

«አንተ ሙሽሮቹን ይዘህ ቅደም። ብትቆምብህ ከኋላህ አለሁ።»

እስከ ጠዳ ከፊት ነዳሁ። የተመኘሁት ይህንኑ ነበር፤ ግን አልጣመኝም። ይቅርታም እስካሁን አልጠየቅሁትም። በመኪናው መቅናቱን ትቻለሁ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ግን ያን ጨርቅ አላመጣም ነበር። ይህን ስለማውቅ አሁን የምቀናው በልቡ ነው፤ ልብን ደግሞ ከየትም ገዝቼ አልስተካከለውም።