ሽምግልና በግሪን ቫሊ፦ «ልጁ ማን ነው?»

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሎስ አንጀለስ

ሽማግሌ ሆኛለሁ። በዕድሜ አላልኩም፣ በሹመት ነው። የእህቴ ልጅ ናሆም ላስ ቬጋስ የሚወዳት ልጅ አለች። «አጎቴ፣ ሽማግሌ ሆነህ አባቷን ጠይቅልኝ» ብሎ ሲደውልልኝ ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ሽበቱስ የእኔ ነው፣ አልክድም። ሽማግሌው ግን ማን እንደሆነ እስካሁን አልተዋወቅንም።

ገና ሳይነጋ መኪናዬን አስነስቼ ጋሽ ተሾመን ልወስድ ሄድኩ። ጋሽ ተሾመ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ካረፉ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱም፤ ልደት ብንጠራቸው እምቢ፣ ሠርግ ብንጠራቸው እምቢ። ይኼንንም አልሄድም ይላሉ ብዬ ነበር። «ለናሆም ነው» ስላቸው ግን ወዲያው እሺ አሉ። ደጃፋቸው ላይ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።

«ሦስተኛው ሽማግሌ የታለ?»

«ቬጋስ ነበር የሚጠብቀን። ኦቨርታይም ሰጡትና ቀረ።»

«ጉድ እኮ ነው! ሽማግሌ ኦቨርታይም ገባ?» አሉና ቀበቷቸውን አሰሩ።

ረፋድ፣ ባርስቶን አልፈን

ፍሪዌይ አሥራ አምስት ተራራውን ወጥቶ ከወረደ በኋላ ሌላ ዓለም ነው። ግራና ቀኙ ቡናማ ሜዳ፣ እጁን የዘረጋ እሾሃማ ዛፍ፣ ወደ ቬጋስ የሚጋልብ የጭነት መኪና። ባርስቶ ላይ ቡናና ዶናት ወሰድን። ቤከር ላይ ቤንዚን ልሞላ ብዬ ዋጋውን ሳይ አንጀቴ እርር አለ። በረሃ መሀል መሆናቸውን አውቀው እኮ ነው! ለጋሽ ተሾመ መንገዱ ዳር እንደ ፎቅ የቆመውን ትልቁን ቴርሞሜትር አሳየኋቸው። ሙቀቱን አንብበው ኮታቸውን ቢያወልቁ ምን ነበር፤ አላወለቁም።

ጉዳዩን በደንብ የነገርኳቸው እዚህ መንገድ ላይ ነው። ልጅቷ አንጃሊ ትባላለች፣ የፋርማሲ ባለሙያ ናት። አባቷ ከደቡብ ህንድ የመጡ ሂንዱ፣ እናቷ ደግሞ ከስሪላንካ የመጡ ቡዲስት ናቸው። አንጃሊ ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም ብላለች። ቴክሳስ ሥራ አግኝታለች፤ መልስ ካልመጣ ብቻዋን ልትሄድ ነው። ናሆም ሦስት ጊዜ እነሱ ቤት ሄዷል። ሦስቱንም ጊዜ አባትየው ሻይ አቅርበው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ «አንተ ማን ነህ?»

«ምን ብሎ መለሰ?» አሉ ጋሽ ተሾመ።

«መጀመሪያ ነርስ ነኝ አለ። 'ሥራህን አልጠየቅኩህም' አሉት። ቀጥሎ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ክርስቲያን ነኝ አለ። 'አገርህንና ሃይማኖትህን አልጠየቅኩህም' አሉት። በሦስተኛው ግራ ቢገባው ባንክ ለብድር የሚያየውን ነጥብ፣ ክሬዲት ስኮሩን፣ ነገራቸው።»

ጋሽ ተሾመ ጭናቸውን መቱ። «ይኼ ልጅ ሞኝ ነው! ሰውዬው የሚፈልገው ዘሩን ነው። ማን ነህ ማለት የማን ልጅ ነህ ማለት አይደለም እንዴ? ጨዋ ሰው ነው፣ እንደኛው ነው!»

ወዲያው አዲስ አበባ ለእህቴ ደወሉና እስከ ሰባት ቤት ያሉትን አባቶች አስቆጠሯት። ከዚያ እስከ ኔቫዳ ድንበር ድረስ ይህንኑ በቃል ሲያጠኑ ሄዱ። አንዱ ቅድመ አያት በተዘለለ ቁጥር ከላይ ይጀምራሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ነገሩ የተፈታ መስሎኝ ነበር።

ቀትር፣ ቻይናታውን፣ ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ

ካዚኖዎቹ የተደረደሩበትን ስትሪፕ በቀኝ ትተን በቀጥታ ወደ ስፕሪንግ ማውንቴን ገባን። መንገዱ ዳርና ዳር ምግብ ቤት ብቻ ነው፤ የቻይና፣ የኮሪያ፣ የቬትናም። ፓርክ ለማድረግ ሦስቴ ዞርኩ። ናሆም ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ፣ የሆስፒታል ልብሱን እንደለበሰ፣ ዓይኑ ቀልቶ ይጠብቀናል። የጋሽ ተሾመን ጉልበት ሳመ፣ እሳቸውም ግንባሩን ሳሙት።

ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የቬትናም ሾርባ መጣልን። ጋሽ ተሾመ በሹካ ኑድል ሲያሳድዱ እኔ ሳቄን በናፕኪን ሸፈንኩ።

«ጋሼ፣ ፕሊስ» አለ ናሆም፣ «እዚያ ስትገቡ ቁጭ በሉ። ጉልበትዎን ያምዎታል።»

«ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ይቀመጣል? በየትኛው አገር?»

«እነሱ እኮ አያውቁትም። ሩድ ይመስላቸዋል።»

«እናውቀዋለን እኛ።» በዚህ አበቃ።

ናሆም ሾርባውን አልነካውም። «ዛሬ ኖ ካሉኝ» አለና ሳህኑን ገፋው። ልጁን ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። «እኔ ምን እንደምመልስ አላውቅም አጎቴ። ማታ ማታ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ምንም አላገኝም» አለ። ትከሻውን ይዤ አይዞህ አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል።

ከሰዓት በኋላ፣ ግሪን ቫሊ

እዚህ፣ የእነ አንጃሊ ሰፈር፣ ቤቶቹ ሁሉ የአሸዋ ቀለም ናቸው፤ ጣሪያቸው ሸክላ፣ ግቢያቸው ጠጠርና ቁልቋል። አንድ ዓይነት ስለሆኑ መጀመሪያ የሰው ቤት አንኳኩተን ይቅርታ ጠየቅን። ናሆም እንደ ደንቡ ከእኛ ጋር አይገባም፤ መኪናውን ማዕዘኑ ላይ አቁሞ እዚያው ቀረ።

አባትየው አቶ ራጋቫን የሆቴሎችን መብራት ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ኢንጂነር ናቸው፤ ቀጭን፣ መነጽራቸው ወፍራም። እናትየው ወይዘሮ ኩሱም ካዚኖ ውስጥ ካርታ ያድላሉ፤ አጭር፣ ሳቂታ። ሳሎኑ በአንዱ ጥግ የሂንዱ አምላክ ሥዕልና ትንሽ መብራት፣ በሌላው ጥግ የቡድሃ ሐውልትና አበባ አለበት። ጠረጴዛው ላይ ሩዝ፣ ምስር፣ በኮኮናት የተሠራ ወጥ ይጨሳል። አንጃሊ ሰላም ብላን ወደ ወጥ ቤት ገባች።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ራጋቫን።

«ቆመን እንነጋገር» አሉ ጋሽ ተሾመ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ባልና ሚስት ተያዩ። ወይዘሮ ኩሱም ሮጠው ጨርቅ አምጥተው ሶፋውን መጥረግ ጀመሩ። ቆሻሻ መስሏቸው ነው! የምገባበት ጠፋኝ።

ጋሽ ተሾመ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰባቱን አባቶች አንድ በአንድ ቆጠሩ። አልተሳሳቱም። እኔም ተረጎምኩ። አቶ ራጋቫን እስከ መጨረሻው በአክብሮት ካዳመጡ በኋላ «በጣም ደስ ይላል። እነዚህ አባቶቹ ናቸው። ልጁስ ማን ነው?» አሉ።

«ምን ይላል ይኼ ሰውዬ! ሰባት ቤት ቆጠርኩለት እኮ!»

«ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ አቶ ራጋቫን።

«ጥያቄው ጥልቅ ነው አሉ» አልኩ። አስተርጓሚ መሆን እንዲህ ነው።

ወይዘሮ ኩሱም ሳቁ። «ባሌን እርሱት። ፖስታ የሚያመጣውንም እንዲሁ ነው የሚጠይቀው። መልሱ ቀላል ነው፤ እዚያ ማንም የለም።»

ጋሽ ተሾመ አማተቡ። «ነፍስ የለም ማለቷ ነው?»

ስተረጉመው ሴትየዋ ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ ጭራሽ ደስ አላቸው። «ልንገራችሁ» አሉ። «ሺፍቴ ሲያልቅ ምንም አለመውሰዴ እንዲታይ እጄን እንዲህ አደርጋለሁ።» አጨበጨቡና መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩን፣ ባዶ መሆኑን። «ሌላዋ ቦታዬ ላይ ትቆማለች፣ ጨዋታው አይቋረጥም። ካርታው ይቀየራል፣ ተጫዋቹ ይቀየራል፣ እኔም እቀየራለሁ። ጠረጴዛው ግን ያው ጠረጴዛ ይባላል። እኔ የምንለውም እንዲሁ ነው። ሥጋው ይለወጣል፣ ስሜቱ ይለወጣል፣ ሐሳቡ ይለወጣል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ አንድ የማይለወጥ ባለቤት ብትፈልጉ አታገኙም። ይህን ማወቅ አያስፈራም፤ ያሳርፋል። ያልነበረ ነገር አይወሰድባችሁም።»

«መቀያየሩን የሚያውቀውስ?» አሉ ባልየው ጣታቸውን አንስተው። «እሱን ትረሳዋለች። ስትሪፑ ላይ መብራቱ ስንት ቀለም ነው? ቀዩም አለ፣ አረንጓዴውም አለ፣ የሚሽከረከረውም አለ። ኤሌክትሪኩ ግን አንድ ነው፤ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። በእርስዎ ውስጥ 'እኔ' የሚለውና በእኔ ውስጥ 'እኔ' የሚለው ሁለት አይደለም። ስምና ሥራን ስታነሱለት የሚቀረው አንድ እሱ ብቻ ነው።»

«ኤሌክትሪኩስ ሲጠፋ?» አሉ ሚስትየው።

«አይጠፋም!»

«ቢሉን ያልከፈልክ ቀን ጠፍቷል።»

ጋሽ ተሾመ ይኼን ሁሉ ቆመው ነው የሚሰሙት፤ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ክንዳቸውን ብይዝ አስለቀቁኝ። ከዚያ በአማርኛ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «እሷ 'እኔ' የሚባል የለም ትላለች። እሳቸው ያለው አንድ ብቻ ነው ይላሉ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ማን ከማን ጋር ተጋቡ?»

ስተረጉመው ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አንጃሊ ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ ጣለች። አቶ ራጋቫን መነጽራቸውን አውልቀው ዕንባቸውን ጠረጉ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ፊታቸው ከበደ። «ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ» አሉ። «በኮቪድ ጊዜ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ከባለቤቴ ጋር የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። በየቀኑ ዩኒፎርሙን ይለብስና መኪናው ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሥራው ሲሄድ እሱ አብሮ ሄደ፤ ቤቱም ፈረሰ። ልጄ የምታገባው ሰው አንድ ቀን ሥራውን ያጣል፣ ጤናውን ያጣል። ያኔ ምን ይቀራል? ያ ነው ጥያቄዬ።»

እኔ ምን ልበል? ክሬዲት ስኮሩን ልድገምላቸው? ናሆም አለቀለት አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ ጋሽ ተሾመ እጃቸውን አንስተው መተርጎሜን አስቆሙና በዚያች በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ እየፈለጓት፣ ተናገሩ።

«ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። እኔ ራሴ ማን እንደሆንኩ አላውቅም። ዕድሜ ልኬን የአስቴር ባል ነበርኩ። አስቴር ሞተች። በማግስቱ ሻይ የሚጠጣው ሰውዬ ማን እንደሆነ ጠፋኝ። ሰዎች መጡ፤ አንዱ ጥቅስ ነገረኝ፣ አንዱ በርታ አለኝ። ይኼ ልጅ ያኔ ሎስ አንጀለስ ይማር ነበር። ማታ ማታ ይመጣል። ነርስ ነኝ አላለኝም። ምንም አላለኝም። አጠገቤ ይቀመጣል፣ ያለውን አብረን እንበላለን፣ ሳህኑን ያጥባል፣ ይሄዳል። ብዙ ወር እንዲህ አደረገ። እሱ መሆኑንም እረሳው ነበር። ብቻ ቤቱ ባዶ አልነበረም።»

ይኼን እኔ አላውቅም ነበር። ናሆም እኔ ቤት እየኖረ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለልኝም። ዓይኔ ዕንባ ሞላ፣ ምን አፍራለሁ።

አቶ ራጋቫን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ያኔ ሁለት ሰዎች አልነበሩም» አሉ ቀስ ብለው።

«ያኔ 'እኔ' የሚል አልነበረም» አሉ ወይዘሮ ኩሱም።

ተያዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከሩም።

አንጃሊ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። «ዳዲ፣ እስክትመልስላቸው ድረስ እኮ አይቀመጡም። ባህላቸው ነው» አለች።

«እስካሁን የቆሙት እኔን እየጠበቁ ነው? በቤቴ?» ሰውየው ደነገጡ። የጋሽ ተሾመን ሁለት እጅ ያዙ። «መልሴ ይኸው። ልጄን ሰጥቻለሁ። እባክዎ ይቀመጡ፣ ወንድሜ።»

ጋሽ ተሾመ ሶፋው ላይ ወደቁ ማለት ይቀላል። «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። አንጃሊ በባዶ እግሯ ወደ ውጭ ሮጠች። በመስኮት አየናት፤ የናሆምን መኪና መስታወት ትደበድባለች። ጀግናው ሙሽራ አፉን ከፍቶ ተኝቷል!

«ተመልከቱ» አሉ አቶ ራጋቫን ትከሻዬን ይዘው። «አሁን ነርስም አይደለም፣ ኢትዮጵያዊም አይደለም። ግን አለ።»

«አለ አልልም» አሉ ሚስትየው ሩዝ እየጨለፉ። «ይተነፍሳል።»

እሁድ፣ ጠዋት፣ መመለሻ

እኔ ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር ናሆም አፓርታማ አደርኩ። ጋሽ ተሾመን ግን አንለቅም ብለው እዚያው ግሪን ቫሊ አሳደሯቸው። ናሆም ጠዋት ቁርስ ሲሠራልኝ ያፏጫል፤ እንቁላሉን አሳረረው፣ ግድም አልሰጠው።

በጠዋቱ ፀሐይ የእነ አንጃሊን በር አንኳኳሁ። ይኼኛው ትክክለኛው ቤት ነበር። የከፈቱልኝ ራሳቸው ጋሽ ተሾመ ናቸው። ኮት የለም፣ ክራቫት የለም፤ የሰውዬውን ነጠላ ጫማ አድርገው፣ እጃቸው ላይ ሻይ ይዘዋል። ከኋላቸው የባልና የሚስት ክርክር ይሰማል።

«ጋሽ ተሾመ፣ እንሂድ እንጂ። መንገዱ ሳይሞቅ።»

«አንተ ሂድ» አሉኝ። «እኔ እቆያለሁ።»

«ምነው፣ አመምዎት?»

«ኧረ ደህና ነኝ!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንዱ አለ ይላል፣ አንዷ የለም ትላለች፤ ከተጋቡ ጀምሮ በዚህ ነገር አልተስማሙም። ሽማግሌ ሆኜ እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት ሳላስታርቅ ጥዬ ልሂድ?»

በሩን ዘግተውብኝ ወደ ውስጥ ገቡ።