ጨው የሚጠቀለልበት ጀግና

አባቴ ጀግኖቹን በኪሎ ነው የገዛቸው። ዲላን ለቀው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆች የቤት ዕቃቸውን ሲሸጡ፣ ሌላው ሰው በአልጋና በወንበር ሲሻማ እሱ ሁለት ጆንያ አሮጌ ወረቀት አስመዝኖ መጣ። ለሱቁ መጠቅለያ ነበር የፈለገው። ጆንያውን ዘርግፌ ሳየው ግማሹ ጋዜጣ፣ ግማሹ ባለቀለም የሥዕል መጽሔት ነው። አንዱ ገጽ ላይ ጭንብል ያጠለቀ ሰው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ በወዲያ በኩል ይወጣል፤ ሌላው ላይ መርከብ በከዋክብት መካከል ይሄዳል። አባቴ አንዱን አንስቶ ወረቀቱን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው።

«ወፍራም ነው፤ ጨው አያፈስም» አለ።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴና ታናናሾቼ እንደ ብዙዎቹ የነጋዴ ቤተሰቦች አገር ቤት እርሻው ላይ ቀርተዋል፤ እኔ ለትምህርት ብዬ ከአባቴ ጋር ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል እኖር ነበር። አባቴ ከደንበኛ ጋር ሲሆን ምላሱ ማር ነው። ከእኔ ጋር ሲሆን ግን ቃል ይቆጥባል፤ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል፣ ያንንም የሚለው ጥያቄ ሳበዛበት ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ወሬ ያለቀበት ጊዜ ነበር። ከኋላዬ ይቀመጡ የነበሩ ሁለት ልጆች አንድ ሰኞ ቀሩ፤ የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ የለም። ማን ለማን እንደሚያቀብል ስለማይታወቅ ሁሉም የሚያወራው ስለ ዝናብና ስለ ፈተና ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ክርክር ነው፤ የሚከራከረኝ ሳጣ ያመኛል። ያን ዓመት ታምሜ ከረምኩ ብል ውሸት አይሆንም።

ስለዚህ ከመጽሔቶቹ ጋር መከራከር ጀመርኩ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ገጾቹን እየገነጠልኩ ጨውና በርበሬ እጠቀልላለሁ። አባቴ ማንበቤን አልከለከለኝም፤ ማስቀረት ግን አይቻልም። አንድ ታሪክ ተጀምሮ እስኪያልቅ ገጾቹ በሃያ ደንበኛ እጅ ወደ ሃያ ቤት ይበተናሉ። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ አነባለሁ፣ ከዚያ ገጹ ይሄዳል። እንዲሁ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት ስላቃተኝ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ሐሳቤን መጻፍ ያዝኩ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ፊደሎቼ እንደ ጉንዳን ያነሱ ነበሩ።

ባለ ጭንብሉ ሰው ቀን ቀን ሰዓት ይጠግናል፤ ክፉ ነገር ሲመጣ ግን ጭንብሉን አጥልቆ በግድግዳ ውስጥ ያልፋል። «ይህ ሰው በአንድ ገጽ ከተማውን ሦስት ጊዜ አዳነ፤ ራት የጋበዘው ግን የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ቀን፣ «ባንክ በየሳምንቱ ሲዘረፍ የዚህ ከተማ ቀበሌ ምን ይሠራል?» አልኩ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ልብሱ ለምን ውጭ አይቀርም?» አልኩና በራሴ ቀልድ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ጨው አፍስሼበት፣ አራቱን ማዕዘን አጥፌ፣ ወደ ወናጎ ወይም ወደ አሪቻ ሸኘሁት። ማንም ያነበዋል ብዬ አልነበረም። ውስጤ የተጠራቀመው እንዳይገነፍል ነበር።

አሁን ስለ አባቴ ብልሃት ልናገር፤ ያለ እሱ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ወረቀት ውድ ስለነበረ መጠቅለያውን ሳይቀድና ሳያቆሽሽ አጥፎ ለሚመልስ ደንበኛ አንድ እፍኝ ጨው ምርቃት ይሰጥ ነበር። ለዚያ እፍኝ ብለው የገጠር እናቶች ወረቀቱን በመቀነታቸው ቋጥረው ዳገት ይዘውት ወጥተው ዳገት ይዘውት ይወርዳሉ።

ከእነሱ አንዷ ከወናጎ በላይ ካለው ቀበሌ ቡላ ይዘው በየገበያው የሚመጡ የጌዴኦ እናት ነበሩ። እማማ ነው የምላቸው። አንድ የገበያ ቀን አራት የታጠፉ ወረቀቶች ባንኮኒው ላይ አኖሩ። እድፍ እንዳለው ለማየት አንዱን ስገልጥ፣ ከእኔ እርሳስ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሌላ ጽሑፍ አየሁ።

«ስለ ልብሱ የተነሣው ጥያቄ ጥሩ ነው። ዋናው ግን ተስቷል። በግድግዳ የሚያልፍ ሰው በወለሉስ ለምን ወደ ታች አይሰጥምም? ከአሥር ስድስት።»

በመጀመሪያ ደጋግሜ አነበብኩት። ቀጥሎ ተናደድኩ። ስድስት! በሕይወቴ ስድስት አግኝቼ አላውቅም። ከሁሉ የባሰው ግን ትክክል መሆኑ ነበር። ወለሉን አላሰብኩትም። ዛሬ አርጅቼም ቢሆን በግድግዳ የሚያልፍ ሰው በቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እግሩ ሥር ነው የሚሄደው።

«እማማ፣ ይህን ማን ጻፈው?» አልኳቸው።

«ልጆች የሚያስተምር መምህር ነው። እኛ ጎረቤት ነው» አሉ። «ወረቀት አየና ስጡኝ አለ፣ ሰጠሁ። ጽፎ መለሰ።» ከዚያ ወደ እርሳሱ ጽሑፍ እያመለከቱ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ይሄ አንተ ነው የጻፈ?» አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሴት ልጅ መሆኔን እያዩም አንተ ነው የሚሉኝ።

በአንገቴ አዎ አልኩ። «እሺ» አሉና ምርቃታቸውን ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ የገበያ ቀን ለእኔ ሌላ ቀን ሆነ። ለእማማ ጨው የሚሆነውን ገጽ አስቀድሜ እመርጣለሁ፤ ብዙ የሚያከራክረውን፣ ጠርዙ ሰፊ የሆነውን። ሐሳቤን አስተካክዬ እጽፋለሁ፣ ለራሴም ዘጠኝ እሰጣለሁ፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። በሚቀጥለው ገበያ ግን ወረቀቱ በቀይ ሰባት ተብሎበት፣ አንዳንዴም አምስት ተብሎበት ይመለሳል። አንድ ጊዜ ስምንት ሰጠኝ። አሥር ሰጥቶኝ አያውቅም። እኔም ያቺን አሥር ከአስተማሪዎቼ ውጤት ሁሉ በላይ ፈለግኳት።

ስለ ራሱ አይጽፍም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ከውጤቱ ሥር፣ «እዚህ ዳገት ላይ ከሕፃናት በቀር የሚያወራኝ የለም፤ እነሱም የሚያወሩኝ ስለ ማባዛት ነው» ብሎ ነበር። ያን ገጽ ለማስቀረት በጣም ፈለግኩ። አባቴ ግን ቆጥሮ ተቀብሎት ስለነበር ለበርበሬ ዋለ።

ከመጽሔቶቹ አንዱ ፈረንጅ አገር በቴሌቪዥን ከሚታይ ተከታታይ ፊልም የተሠራ ነበር። እኔ ያኔ ቴሌቪዥን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ታሪኩ የሚሆነው ከምድር እጅግ ርቆ በሚገኝ ኮከብ ላይ ነው፤ እዚያ አንዲት ሴት የሬዲዮ ጣቢያ ትጠብቃለች። ጓደኞቿ ሄደዋል። እሷ በየቀኑ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ ትጣራለች፣ የሚመልስ የለም። ባለ ጭንብሉን ሰው እተቸዋለሁ እንጂ ወድጄው አላውቅም፤ ይህችን ሴት ግን ወደድኳት። መምህሩ አዲስ አበባ ሲማር በአንድ ሆቴል መስኮት በኩል ቆሞ አይቷት ነበር። «ድምፅዋ ጎርናና ነው» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ቀጭን ድምፅ ነበር የሰጠኋት። ከዚያ በኋላ በጎርናና ድምፅ እየሰማኋት እንደ አዲስ አነበብኳት።

የመጨረሻው ገጽ ከጆንያው ውስጥ አልተገኘም። «በስተመጨረሻ የሚመልስላት አለ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አላየሁም፤ መብራት ጠፋ» አለኝ።

ቀጣዩን ወረቀት ስጽፍ ጎርፍ መንገዱን ይዞት፣ እማማ ሁለት ገበያ ቀርተውብኝ ነበር። ሆድ ብሶኛል። «ማንም አልመለሰላትም፤ እሷ ግን በየቀኑ ትጣራለች። እኔ ብሆን በሦስተኛው ቀን እተወው ነበር» ብዬ ጻፍኩ። እማማ ሲመጡ ጨዋቸውን ጠቀለልኩበት።

ያ ዓመት ወረቀት የሚያስፈራበት ዓመት ነበር። በእጅ የተጻፈ ወረቀት መንገድ ላይ ወድቆ ያየ ሰው ዞር ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ኪሱ የተገኘበት ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ይህን እኔም አውቅ ነበር፣ ሕፃንም ያውቀው ነበር። ሞኝነቴ የጨው ወረቀትን ከወረቀት አለመቁጠሬ ነው። እኔ ዘንድ ወረቀት ማለት ሌሎች ሰዎች የሚይዙት ነገር ነበር፤ ይህኛው የእኛ ሱቅ መጠቅለያ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ተዘግቷል። አባቴ ደጁ ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ አለ። «እንሂድ» አለኝ አባቴ።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ያ ስለ ሬዲዮዋ ሴት የጻፍኩበት ገጽ ተዘርግቶ ነበር። እጥፋቱ ውስጥ ጥቂት የጨው ቅንጣቶች ቀርተዋል። ኬላው ላይ እማማን ሲፈትሹ ነው ያገኙት። ከየት አመጣሽው ሲሏቸው፣ ጨው ከገዛሁበት ሱቅ ብለዋል፤ ቀዩን የጻፈውም ጎረቤቴ መምህር ነው ብለዋል፤ ጥፋት መሆኑን አላወቁም። ስለ እኔ ግን አልተነፈሱም። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ የእኔን እርሳስ፣ ቀጥሎ መልሱን ጮክ ብሎ አነበበ። መልሱን የሰማሁት ያኔ ነው።

«አትተዪውም። እየሰማሁ ነው። ቀጥይ።»

እንዲህ ባለ ቦታ፣ በእንዲህ ያለ ድምፅ ሲነበብ እኔም ራሴ ጠረጠርኩት።

«ማነው የሚሰማው? ምኑንስ ነው የምትቀጥለው?» አለ ሊቀመንበሩ ወደ አባቴ ዞሮ። «ከእርስዎ ሱቅ ነው የወጣው።»

«መጠቅለያ ነው ጓድ ሊቀመንበር። ምን እንደተጻፈበት አላውቅም። እኔ የአማርኛ ፊደል አልቆጠርኩም» አለ አባቴ። እውነቱን ነው፤ የሚያነበው ዐረብኛ ብቻ ነበር።

ለእኔ ወረቀትና እርሳስ ተሰጠኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መፈክር ገልብጪ ተባልኩ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ጓድ፣ ይህ ስለ ሥዕል ነው፣ ሴትየዋ በሬዲዮ ስትጣራ አያዩዋትም ወይ፣ እኔ ጠየቅኩ እሱ መለሰ፣ ሌላ ምንም የለበትም ማለት እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ። የአባቴን እጆች አየሁ፤ ጉልበቱ ላይ የኮቱን ጫፍ እንደ ጨው መጠቅለያ ያጥፋሉ፣ ይፈታሉ። አፌን ዘጋሁና መፈክሩን ትልልቅ፣ ክብ ክብ ባሉ ፊደሎች ገለበጥኩ።

«አይመሳሰልም» አለ ሊቀመንበሩ ሁለቱን አስተያይቶ። ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው። ወረቀቱን አጠፈና፣ «እንግዲያው ሌላኛውን እንጠይቃለን» አለ። ሌላኛው ማን እንደሆነ እያወቅኩ ከአባቴ ኋላ ወጣሁ።

ያን ቀን አባቴ የቀረውን ወረቀት ጓሮ አውጥቶ አቃጠለው። ባለ ጭንብሉ ሰው በእሳት ውስጥ ማለፍ አልቻለም። አባቴ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አይቶ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አልጠየቀኝም። «ካሁን በኋላ በኮባ እንጠቀልላለን» አለ። የእንሰት ቅጠል ምንም አያስጽፍም።

እማማ ሦስት ገበያ ቀርተው በአራተኛው መጡ። አባቴ ለሶላት መስጊድ ሄዶ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ሰው የለም። ከስተዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

«መምህሩ ጠየቁት። እርሳሱ ማን ጻፈ? አሉት። እኔ አለ። ቀዩስ ማን ጻፈ? አሉት። እሱም እኔ አለ። ቀጥይ ያለው ለማን ነው? አሉት። ሥዕሉ ላይ ላለች ሴትዮ አለ። ሌላ ሰው የለም፣ ዳገት ላይ ብቻዬን ነው የምኖር፣ ከራሴ ጋር ነው ያወራሁ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ሳቁበት። እብድ ነው አሉ። ሌላ ክፍለ ሀገር ቀየሩት፤ ሩቅ ነው፣ ስሙ አላወቅኩም።»

ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። እኔ እሱን ክጄ ወጣሁ፤ እሱ ደግሞ እኔን ለማትረፍ የለችም አለ። በዚያ ሁሉ ገጽ የተከራከረችው፣ በስድስት የተናደደችው፣ ስለ መጨረሻው የጠየቀችው ልጅ በራሱ ቃል የእብድ ሰው ወሬ ሆነች።

እማማ ቡላቸውን አስተካክለው ሲያበቁ ትዝ እንዳላቸው ሁሉ ዞሩ።

«ሲሄድ እኔ ቤት መጣ። ያች ልጅ ካገኘሽ፣ አሥር ነው በያት አለኝ። አሥር ምንድን ነው እኔ አላውቅም።» ያኔ ስለ እርሳሱ ጽሑፍ ሲጠይቁኝ እንዳዩኝ አድርገው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ያች ልጅ ታውቃለህ?»

ደጁ ባዶ ነበር። የሚሰማ ሰው አልነበረም።

«አላውቃትም» አልኩ።

«እሺ» አሉ።

ጨዋቸውን በኮባ ጠቀለልኩላቸው፤ የመለሱት ወረቀት ባይኖርም ምርቃቱን ጨመርኩ።