ቤት ሲታይ መራመድ

የጥር የመጨረሻው እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአምስት። ወዳጄ ከሞጣ ወደ ጉንደ ወይን በሚወስደው መንገድ ብቻውን እየሮጠ ከዓይኔ ተሰወረ። ይመለሳል የተባለው አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ነበር። አልተመለሰም።

ወዳጄ ቢቸና ውስጥ የስፖርት መምህር ነው። እኔ ዘጋቢ ነኝ። ከተዋወቅን አሥራ አንድ ዓመት አልፎናል፤ ያገናኘን ሩጫ ነው፣ ያቆየን ግን ምግብ ነው። ጊዜ ባገኘን ቁጥር አንድ ከተማ እንመርጣለን። ጠዋት እንሮጣለን፣ ከዚያ እንበላለን፣ ከሰዓት በኋላ እንጠጣለን፣ በማግስቱ እንመለሳለን። አማኑኤል ከተማ ላይ ማሩ ገና ከሰፈፉ ያልተለየ ጠጅ ጠጥተናል። የጥኖራ በምትባለው ከተማ የገበያ ቀን ጠብቀን፣ በግ አሳርደን፣ ጎድኑን በአዋዜ በልተናል። እኔ ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን በካልሲ ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ እሱም ሁልጊዜ «ጠጅ አገር ድረስ ወይን በካልሲ ይዞ የሚመጣ አንተን ብቻ አየሁ» ይላል። ከዚያ ከግማሽ በላዩን የሚጠጣው እሱ ነው።

ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ በግጭቱ ምክንያት መንገዱ የሚከፈተው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ለሩጫችን ደንብ አወጣን። ወታደር የሚያስመስል ልብስ አንለብስም። የጀርባ ቦርሳ አንይዝም። ጆሯችን ውስጥ ማዳመጫ አንከትም። ዋናው ግን ይህ ነበር፦ ቤት ሲታይ ሩጫው ይቆማል። እየተራመድን፣ እጅ እየነሳን፣ «እንደምን አደራችሁ» እያልን እናልፋለን። በዚህ ዘመን ገጠር ውስጥ በጠዋት የሚሮጥ ሰው ወይ የሚሸሽ ነው፣ ወይ መርዶ የያዘ።

ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጉልበቴን አመመኝና ቆምኩ።

«ጉልበትህ ነው ወይስ ትናንት የበላኸው?» አለ፣ ባለበት እየዘለለ።

«ጉልበቴ ነው።»

«የሁለት ሰው ጥብስ ብቻህን ስትጨርስ ምንም አላለም ነበር። በል ሂድና ዱለቱን አስጣድ። ዛሬ አሥር ኪሎ ሜትሩን ከሃምሳ ደቂቃ በታች ነው የምገባው።»

«ቤት ስታይ ተራመድ።»

«እሺ፣ አባባ» ብሎኝ ሄደ። ሰዓቱን ሲነካ አይቻለሁ።

ትናንትም የበላንባት ምግብ ቤት በሞጣ መውጫ ላይ ናት። ባለቤቷ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት። ጉበቱንና ጨጓራውን ከትፋ፣ ቃሪያውን ለብቻ አስቀምጣ ጠበቀችን።

«ሌላውስ?»

«እየመጣ ነው፣ እትዬ።»

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ «ልጣደው?» አለች። ትንሽ ይቆይ አልኳት። ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ «የሮጠ ሰው እንዲህ ከዘገየ፣ በእግሩ ቢመጣስ ስንት ቀን ሊፈጅ ነው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የወዳጄ ስልክና መታወቂያ እኔ ጃኬት ኪስ ውስጥ ነበሩ፤ ለሩጫ እንዲቀለው ሲሰጠኝ ተቀብዬ ነበር። አንድ ሰው ቢያስቆመው ማንነቱን የሚያስረዳለት አንድም ነገር አልያዘም። ደግሞም ኔትወርክ የለም።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ወደ መንገዱ የሄደ ባጃጅ ሳይቆይ ተመለሰ። ቀጥሎ ጭነት የተሸከሙ ሦስት ሴቶች በፍጥነት መጡ። አንዷን አስቁሜ ጠየቅኋት።

«ምን አለ?»

«ሰው እየሮጠ ነው አሉ።»

«ማን ነው የሚሮጠው?»

«ሁሉም» አለችና አለፈች።

ባለቤቷ ቀልዷን አቆመች። ከቆርቆሮው በር አንዱን ክንፍ ዘጋች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከወደ መንገዱ ሁለት ድምፅ ሰማሁ። ጥይት ነው ብዬ ልጽፍ አልችልም፤ እንጨት ሲፈለጥም እንዲያ ይጮኻል። እሷ ግን መሬት ላይ ተቀመጠች።  እኔ ለወዳጄ ሚስት የምነግራትን በልቤ አረቅቅ ነበር፤ ስም፣ ሰዓት፣ ቦታ። ለሌሎች ሰዎች ስንት ጊዜ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ነው። የእሱን ስም ላስገባበት ስል ግን ቃላቱ አልያያዝ አሉኝ።

አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች በመንገዱ መታጠፊያ ብቅ አሉ። የተኛው ሰው እስከ ራሱ በጋቢ ተሸፍኗል። ወጥቼ ወደ እነሱ ሄድኩ። ለመሮጥ አልደፈርኩም፤ ተራመድኩ። ፊቱ ስለተሸፈነ ከጋቢው የወጣውን እግር ተመለከትኩ። ጫማ የለውም፣ ተረከዙም የተሰነጣጠቀ ነው። የወዳጄ እግር አይደለም።

ከኋላ በስተግራ የተሸከመው ሰው ቀና አለ። ቲሸርቱ በላብ ረጥቦ ገላው ላይ ተጣብቋል።

«ተካኝ፣ ትከሻዬ አለቀ» አለኝ፤ ወዳጄ ነው።

ተካሁት። አጠገቤ እየሄደ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰዓቱ ሃያ አራት ደቂቃ ይላል። እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። ከመንገዱ በስተግራ ቤቶች አየ፤ ግን ሩጫውን አላቆመም። አውድማ ላይ ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ አዩት። ከእሱ ኋላ ያለውን መንገድም አዩ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ተጣሩ። ቤተሰቡ ወጥቶ ሮጠ፣ ጎረቤት ሮጠ፣ መንደሩ ልጁንና ጥጃውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነጎደ።

«አንተስ?»

«ሁሉም ወደ ኋላዬ እያዩ ነው የሚሮጡት። የሆነ ነገር ቢያዩ ነው ብዬ አብሬያቸው ሮጥኩ።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ሁለቱን ድምፅ እነሱም ሰምተዋል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ ቄሱ ተነሥተው እያንዳንዱን «አንተ ምን አየህ?» እያሉ ጠየቁ። አንዱ ጎረቤቱን አይቶ ነው፣ ጎረቤቱ ሚስቱን። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እሱ ዘንድ ደረሰ።

«ምን አልካቸው?»

«እናንተን አልኳቸው። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሰው ሲቆጠር ከአውድማው ላይ የተጣሩት ሽማግሌ ጎደሉ። ከመንገዱ በታች ቦይ ውስጥ ወድቀው ተገኙ።

ሽማግሌው እየሰሙን ኖሯል። ጋቢውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«ልጄ፣ ማን ነበር የሚያባርርህ?»

«ማንም፣ አባቴ። ለጤናዬ ብዬ ነው የምሮጠው።»

«ለጤናህ» አሉና መልሰው ተሸፈኑ። ተሸክመን ሞጣ ሆስፒታል አደረስናቸው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሐኪሙ ወጥቶ የሽማግሌው የግራ ዳሌ አጥንት መሰበሩንና ለቀዶ ሕክምና ባሕር ዳር መሄድ እንዳለባቸው ነገረን። በዚያ ቀን የባሕር ዳር መንገድ ዝግ ነበር።