የአባዬ ድምፅ በሩ ጥግ ደረሰ

ትናንት ቅዳሜ፣ መካኒሳ፣ ካፊያ። ቤት የነበርነው እማዬ፣ ወንድሜ እና እኔ።

እማዬ ድንገት እጇን አነሳችና «ዝም በሉ! እሱ ነው» አለች።

እሱ የምትለው የሞተውን አባቴን ነው። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ሳለ የተቀዳች አንዲት ካሴት አለችን። አባዬ ከግራ ጫፍ ይዘምራል።

እማዬ ግን ድምፁን መስማት ካቆመች ቆይታለች። ወንድሜም «ካሴቱ አልቋል፤ አታድክሚያት» ሲለኝ ከርሟል።

ችግሩ ካሴቱ አልነበረም። እንደ ብዙዎቻችን ቤት ሶፋችን ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ ነው። ስፒከሮቹ ደግሞ ጥርት ያለውን ድምፅ የሚልኩት ፊት ለፊት፣ ማንም ወደማይቀመጥበት ወለል ነው። በሩ ጥግ ለምትቀመጠው እማዬ የሚደርሳት የቀኙ ስፒከር ብቻ ነበር፤ አባዬ ደግሞ የሚሰማው በግራው ነው። ቦታ ቀይሪ ስላት «እንግዳ ሲመጣ ማን ይቀበላል?» ትላለች።

ስለዚህ ከተጣሉ ቴፖች የለቀምኳቸውን ትንንሽ ስፒከሮች በሁለቱም የስፒከር ሳጥኖች ጎን ላይ ገጠምኩ፤ ድምፁ ወደ ጎንም እንዲበተን።

መጀመሪያ ድምፁ ከግድግዳው እየነጠረ ዘማሪው ሁሉ ተደባለቀ። ባዶው ግድግዳ ላይ ጋቢ ስሰቅል አባዬ ወደ ቦታው ተመለሰ። መሐል ላይ ቆሜ ስሰማ የዘማሪዎቹ ቦታ እንደ ድሮው ተለይቶ አይታወቅም። መሐል ግን ማንም አይቀመጥም።

ወንድሜ «እስኪ ድገሚው» አለ። (ካሴቱ አልቋል ያለው እሱ ነው።)

ዛሬ ጠዋት ስነሳ እማዬ ከአቧራ ይጠብቃቸዋል ብላ ሁለቱንም ስፒከሮች ዳንቴል አልብሳቸዋለች። የቀኙን ተውኩላት። የግራውን ዳንቴል ግን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እናንተ ቤት በሩ ጥግ የሚቀመጠው ማነው? እስቲ ዛሬ እዚያ ተቀምጣችሁ ስሙና ንገሩኝ።