ፈነት ያሳጠረችው በተን

ፈነት ብሩክሊን ሴንተር ከተማ ውስጥ ስምንት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከነዳች በኋላ ተምራ ፕሮግራመር ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2018 ሮዝቪል ያለ መሥሪያ ቤት ቀጠራትና ድረ ገጹ ላይ ያለውን፣ ደንበኞች የሚጫኑትን «እርዳታ» የሚል በተን ኮድ እንድታሳጥር አዘዛት። ኮዱ ዘጠኝ መቶ መስመር ነበር። ስትቀንስ ስትቀንስ ተሳስታ ሁሉንም አጠፋችው፤ በተኑም ከገጹ ጠፋ።

ደንግጣ ልትናገር ወደ ጠዋቱ ስብሰባ ገባች። በተኑን እንዲከታተሉ የተቀጠሩት አራት ሰዎች ግን ተራ በተራ «በተኑ ዛሬም ደህና ነው» አሉ። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

በመጨረሻ ሕሊናዋ አላስቀምጥ ሲላት፣ በስብሰባው ላይ «በተኑ የለም፤ አጥፍቼዋለሁ» አለች።

አለቃዋ ባዶውን ኮድ ከፍቶ ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ዜሮ መስመር! እንዲህ ያጠረ ኮድ አይቼ አላውቅም።»

አራቱ አጨበጨቡላት። ፈነት ትሳቅ ታልቅስ ግራ ገባት። በማግስቱ የበተኑ ተከታታዮች ኃላፊ ሆና ተሾመች።