ጥቀርሻን ያናገረችው ሴት

የሥራ ባልደረቦቿ «በቀቀን» ይሏታል። ሥራዋ ለካርቱን ድምፅ መስጠት ነው። ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁማ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው አፍ ሲከፈት ትከፍታለች፣ ሲዘጋ ትዘጋለች። አይጥም ሆና ታውቃለች፣ ንግሥትም።

ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር ማዶ የተሠራ አንድ ካርቱን መጣ። ውስጡ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ቀይ ከንፈሩ ፊቱን ያጋመሰ፣ ዓይኑ የሚጉረጠረጥ አሽከር አለ። ይሰርቃል፣ ይበላል፣ የገዛ ጥላውን አይቶ ይሮጣል። ተርጓሚው «ጥቀርሻ» ብሎ ስም አወጣለት።

ዳይሬክተሩ ግን ስሙ አልበቃውም። «የኛ ልጆች እንዲስቁ አነጋገሩ መሰባበር አለበት» አላት። «እነዚያ ከጠረፍ የሚመጡት እንዴት ነው የሚያወሩት? እንደዚያ አድርጊልኝ።»

«እነዚያ» ያላቸው የአባቷ ወገኖች ናቸው። እሷ በመልክ እናቷን ስለወጣች እዚያ ስቱዲዮ ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ተናግራ አታውቅም። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ቋንቋውን የተማረው ጎልምሶ ስለሆነ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። ገና ከበር ሲያያት «ልጄ፣ መጣህ?» ነው የሚላት።

አይሆንም ማለት ትችል ነበር። አላለችም። አፏን ከፈተችና የአባቷን አንደበት እንዳለ አወጣችው። ድምፅ ቀጂው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዳይሬክተሩ «አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!» አላት። ደስ አላት። ይህን ስታወራ ዛሬም ጥርሷን ትነክሳለች።

ካርቱኑ በየቤቱ ገባ። አንድ ቅዳሜ መጋረጃ ልታሰፋ አባቷ ሱቅ ሄደች። አባቷ አንዲት ደንበኛ ሲሸኝ «እመቤት፣ ነገ ና» አላት። በር ላይ የቆሙ ተማሪዎች ይህን ሰምተው በሳቅ ፈነዱ። «ጥቀርሻ! ጥቀርሻ! ነገ ና!» አንዱ ዓይኑን አጉረጠረጠ፣ ሌላው ከንፈሩን ገለበጠ። ደንበኛዋ እንኳ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

አባትየው ልጆቹ እስኪሄዱ ስፌቱን ቀጠለ። ከዚያ የስፌት መኪናውን አቁሞ ቀና አለ።

«የካርቱኑን ድምፅ ሰማሁት» አለ። «እኛን ጥሩ ያውቃል። እኛ ቤት ያደገች ናት።»

በሕይወቱ «ናት»ን ቦታው ላይ ሲያስቀምጥ ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አባዬ...»

«ርቦህ ነበር?»

«አልራበኝም። እንዲስቁልኝ ፈልጌ ነው።»

መኪናውን መልሶ አንቀሳቀሰው። መጋረጃውን አልተቀበላትም።

ሰኞ ሥራ ስትገባ ቆሽቷ አሮ ነበር። የካርቱኑን አዲስ ክፍል በጠራ፣ በቀና ድምፅ አነበበችው።

«ምን ነካሽ? ሳቁ የታለ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«የምትስቁት በአባቴ ነው።»

ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቢሆንም አልተመለሰም። «ካርቱን እኮ ነው እህቴ፤ ነገር አታክብጂ። ደግሞ እኛ አልሳልነው!»

«መልኩን እነሱ ሳሉት። አፉን ግን ማን ሰጠው? እኔ! አንተ! ባሕር ማዶ ያለ ሰው ጥቁር ብሎ ሰደበን፤ እኛ ስድቡን በሁለት እጃችን ተቀብለን፣ ከኛ ጠቆር ላለው ጎረቤታችን አሳለፍነው። ያውም ቀባብተን! የቀዳሁትን በሙሉ አጥፉትና እንደ አዲስ ልሥራው።»

«ተላልፎ ያለቀ ነገር? ከመረረሽ በሩ ያውልሽ። ሰው የማጣ መሰለሽ?»

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች።

እውነቱን ነው፣ ሰው አላጣም። አሁን ጥቀርሻን የሚያናግረው አንድ ወጣት ነው፤ የአባቷን ወገኖች አያውቃቸውም፣ የሚቀዳው የሷን ቅጂ ነው። እሷ ሆስፒታል ውስጥ በድምፅ ማጉያ ተራ ቁጥር ትጠራለች። አባቷ አምስት ወር አኮረፋት። ከዚያ ጉንፋን ሲይዘው «ሾርባ ይዘህ ና» ብሎ ላከባት፤ ስለ ካርቱኑ ግን አላነሳም።

እሷ ግን ታነሳለች። የጥቀርሻ ድምፅ ከጎረቤት ሲመጣ ሄዳ በር ታንኳኳለች። «አጥፉት» ትላለች። «ያንን ድምፅ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አጥፉት።» አንዳንዱ ያጠፋል። አንዳንዱ በሩን ፊቷ ላይ ይዘጋና ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ በሩን በቡጢዋ ትደበድባለች።